ቦክሰኛው የማን ነው?

አልፎንስ ሃሊሚ በጥቅምት 1960 ለንደን ዌምብሌይ ላይ ፍሬዲ ጊልሮይን በነጥብ አሸነፈና የዣን ዳርክን ደም መለስኩ አለ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1431 በእንግሊዞች እጅ በእሳት ለተቃጠለችው የፈረንሳይ ጀግና ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ተበቃይ ተገኘላት ማለቱ ነው። አባባሉ ከግጥሚያው የረዘመ ዕድሜ አገኘ፤ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። ነገር ግን የተበቃዩም የተሸናፊውም ማንነት ሲመረመር ነገሩ ይደበላለቃል። ሃሊሚ የተወለደው አልጄሪያ ውስጥ በኮንስታንቲን ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው፤ በዚያው ሰሞን አልጄሪያ ከፈረንሳይ አገዛዝ ለመላቀቅ ደም ታፈስ ነበር። ጊልሮይ ደግሞ የቤልፋስት ልጅ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለአየርላንድ የነሐስ ሜዳሊያ ያመጣ፣ ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላ ግን የብሪታንያን ቀበቶ የታጠቀ። በአጭሩ፣ አንድ የአልጄሪያ አይሁዳዊ አንድ አየርላንዳዊ አሸንፎ የፈረንሳይን ቂም በእንግሊዝ ላይ ተወጣ።

ቀልድ የሚመስለው ይህ ታሪክ አንድ የቆየ ጥያቄ ያነሳል። የቦክሰኛን አገር የሚወስነው ምንድን ነው? የተወለደበት መሬት? የወላጆቹ ዘር? ኪሱ ውስጥ ያለው ፓስፖርት? ወይስ እሱ ራሱ ነኝ የሚለው? ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይወስንም። ወረቀት የሚወስነው ቦክሰኛው የትኛው ሪንግ ውስጥ መግባት እንደሚችል ነው። የማን እንደሆነ የሚወስነው ግን በዚያ ሰዓት የፈለገው ሕዝብ ነው። ፍላጎቱ ሲለወጥ የቦክሰኛው አገርም ይለወጣል፤ ፍላጎቱ ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይቀራል።

ብሔራዊ ቡድን የሌለው ስፖርት

በእግር ኳስ ነገሩ ቀላል ነው። ብሔራዊ ቡድን አለ፤ ማልያውን የለበሰ የዚያ አገር ተጫዋች ነው። አማተር ቦክስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኦሎምፒክ ቻርተር መሠረት ተወዳዳሪው የሚወክለው አገር ዜጋ መሆን አለበት፤ ሁለት ዜግነት ያለው አንዱን ይመርጣል፤ አንዱን አገር ከወከለ በኋላ ወደ ሌላው መሻገር የሚፈልግ በመርሕ ደረጃ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ያከራክራል እንጂ ቢያንስ ደንብ አለው።

ፕሮፌሽናል ቦክስ ግን ብሔራዊ ቡድን የለውም። ቦክሰኛው የሚዋጋው ለራሱና ለቤተሰቡ እንጀራ ነው፤ የሚከፍለው አዘጋጁ ነው፤ የዓለም ቀበቶ የሚሰጡት አራቱ ድርጅቶችም የመንግሥታት ማኅበር አይደሉም። ሆኖም ባንዲራ የበዛበት ስፖርት ቢፈለግ ከቦክስ የሚበልጥ አይገኝም። ምክንያቱ ንግድ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲደባደቡ ለማየት ገንዘብ የሚያወጣ ጥቂት ነው፤ የኛና የነሱ ከተባለ ግን አዳራሹ ይሞላል። የኒውዮርክ አዘጋጆች ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር። በ1933 ማክስ ቤር ከጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ጋር ሲገጥም ቁምጣው ላይ የዳዊትን ኮከብ አሰፍቶ ወጣ። ቤር በአባቱ ወገን የአይሁድ ዘር ቢኖረውም በአይሁድ ሥርዓት ያደገ ሰው አልነበረም። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት ዓመት የኒውዮርክ አይሁዳውያን ግን በጀርመናዊ ፊት የሚቆም ቡጢኛ ይፈልጉ ነበር፤ አገኙት።

ብሔራዊ ቡድን አለመኖሩ ሌላም ውጤት አለው። የእግር ኳስ ቡድን ቢሸነፍ ሽንፈቱ ለ11 ሰው ይከፋፈላል። ቦክሰኛው ግን ብቻውን ነው፤ ልብሱን አውልቆ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ አካሉ ይከፍላል። አንድ ሕዝብ ራሱን በአንድ ሰው አካል ውስጥ ማየት ሲፈልግ ከዚህ የተመቸ መድረክ የለም።

ደንቡ በሩን ሲዘጋ

ወረቀት ምንም አይሠራም ማለት ግን አይደለም፤ በተለይ ለመዝጋት። በ1929 የተመሠረተው የብሪታንያ የቦክስ ቁጥጥር ቦርድ ለብሪታንያ ሻምፒዮናነት የሚወዳደር ሰው ሁለቱም ወላጆቹ ነጮች መሆን እንዳለባቸው የሚደነግግ ደንብ ነበረው። ደንቡ እስከ 1948 ጸንቷል። አገሩ ውስጥ መወለድ አልበቃም፤ ዜግነትም አልበቃም።

የዚህን ደንብ ዋጋ የከፈለው ሌን ጆንሰን ነው። በ1902 ማንቸስተር ተወለደ፤ አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ መርከበኛ ነበር። በመካከለኛ ሚዛን በዘመኑ ከነበሩት የብሪታንያ ቦክሰኞች ምርጦቹን አሸንፏል፤ ከነዚህም አንዱ በኋላ በአገሪቱ ትልቅ ስም ያተረፈው ሌን ሃርቪ ነው። ጆንሰን ግን አንድም ጊዜ ለብሪታንያ ቀበቶ እንዲገጥም ሳይፈቀድለት በ1933 ጓንቱን ሰቀለ። ከ12 ዓመት በኋላ በዚያችው በማንቸስተር በተካሄደው አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ፣ ክዋሜ ንክሩማና ጆሞ ኬንያታ በተገኙበት አዳራሽ፣ ተወካይ ሆኖ ተቀመጠ። ብሪታንያ ልጄ አይደለህም ያለችው ሰው ሌላ የሚፈልገው ሕዝብ አገኘ።

ደንቡ ሲነሳ በሩን ቀድሞ ያለፈው ዲክ ተርፒን ነው። አባቱ ከብሪቲሽ ጉያና መጥቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ የተዋጋ ወታደር ነበር። ዲክ በሰኔ 1948 በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ላይ ቪንስ ሆኪንስን በነጥብ አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ታናሽ ወንድሙ ራንዶልፍ ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ለንደን ላይ ሲያሸንፍ መላ አገሪቱ ጮኸችለት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብሪታንያዊ ሊባል የማይችለው ቤተሰብ የብሪታንያ ኩራት ሆነ። የተርፒኖች ደም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአገሪቱ ፍላጎት ነው። ከጦርነቱ ደክማ የወጣች፣ ቅኝ ግዛቶቿን ማጣት የጀመረች ብሪታንያ የዓለም ሻምፒዮን ያስፈልጋት ነበር።

የድንበሩ ልጆች

ወረቀትና ሕዝብ ሲጣሉ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአየርላንድ ደሴት የተሻለ ቦታ የለም። ደሴቲቱ በሁለት መንግሥታት ሥር ብትሆንም የአማተር ቦክስ ማኅበሯ ከ1911 ጀምሮ አንድ ነው። በዚህ የተነሳ የሰሜን አየርላንድ ቦክሰኛ ወደ ኦሎምፒክ ሲሄድ ለአየርላንድ ይወዳደራል፤ ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሲመጡ ደግሞ ለሰሜን አየርላንድ። አንድ አካል፣ ሁለት ባንዲራ።

ዌይን ማካሎ ቤልፋስት ውስጥ ለብሪታንያ ያለው ታማኝነት ከፍተኛ ከሆነባቸው ሰፈሮች አንዱ በሆነው በሻንክል የተወለደ ፕሮቴስታንት ነው። በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ የአየርላንድ ሪፐብሊክን ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራ ተሸክሞ የገባው ግን እሱ ነበር፤ ገና 18 ዓመቱ። ባንዲራው በገዛ ሰፈሩ የጠላት ምልክት በሆነበት፣ ሰው በቦምብና በጥይት በሚሞትበት ዘመን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኦክላንድ ለሰሜን አየርላንድ ወርቅ አመጣ፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ደግሞ ለአየርላንድ ብር።

ባሪ ማክጊጋን ከዚህም የከበደ ፈተና ነበረበት። የተወለደው ድንበሩ ሥር በምትገኘው ክሎንስ ነው፤ ከሪፐብሊኩ በኩል። ካቶሊክ ነው፤ ያገባት ሴት ግን ፕሮቴስታንት ናት። በ1978 በኤድመንተን ለሰሜን አየርላንድ የኮመንዌልዝ ወርቅ አገኘ፤ በ1980 ሞስኮ ላይ ለአየርላንድ ተወዳደረ። ፕሮፌሽናል ሲሆን የብሪታንያን ቀበቶ ለመያዝ ሲል የብሪታንያ ዜግነት ወሰደ። በዚያ ዘመን ይህን ከክህደት የሚቆጥረው ብዙ ነበር። ማክጊጋን ግን ሪንግ ውስጥ የትኛውንም ባንዲራ አላውለበለበም፤ የሰላም ምልክት የሆነችውን ርግብ ምልክቱ አድርጎ ወጣ። ከግጥሚያ በፊት አባቱ ሪንግ ውስጥ ቆሞ ሁለቱም ወገኖች የሚወዱትን ዳኒ ቦይ የተባለውን ዘፈን ይዘፍን ነበር። ቤልፋስት ኪንግስ ሆል ውስጥ፣ ውጭ ቢገናኙ የሚገዳደሉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይጮኹለት ነበር። በሰኔ 1985 ለንደን ላይ የፓናማውን ኢዩሴቢዮ ፔድሮዛን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሁለቱም የኔ ነው አሉ።

ማክጊጋን አገር አልባ ሆኖ አይደለም የተወደደው። ሁለት ሕዝቦች በአንድ ጊዜ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ለአንዲት ማታ የሚያስታርቅ ሰው። ያን ፍላጎት አውቆ ራሱን ለእሱ አዘጋጀ። ፓስፖርቱ ያስቀየማቸውን ሰዎች ምልክቱ መለሳቸው።

ሁለቱ የለንደን ልጆች

የትውልድ ቦታና ዘር ካልወሰኑ፣ አነጋገርስ? በጥቅምት 1993 ካርዲፍ ላይ የተገናኙት ሌኖክስ ሉዊስና ፍራንክ ብሩኖ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም ለንደን ተወለዱ፤ የሁለቱም ወላጆች ከካሪቢያን የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም የብሪታንያ ፓስፖርት አላቸው። የብሪታንያ ተመልካች ልቡ የነበረው ግን ከብሩኖ ጋር ነው።

ምክንያቱ አይደበቅም። ሉዊስ በ12 ዓመቱ ወደ ካናዳ ሄዶ ኪችነር ከተማ አደገ። በ1988 ሴኡል ላይ ሪዲክ ቦውን በሁለተኛው ዙር አስቁሞ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ለካናዳ ነው። በ1989 ለፕሮፌሽናልነት ወደ ብሪታንያ ሲመለስ የሚናገረው እንግሊዝኛ የካናዳ ሆኖ ነበር። ብሩኖ ግን በቴሌቪዥን እየሳቀ፣ በለንደን ተራ ሰው አነጋገር እየቀለደ የየቤቱ እንግዳ የሆነ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ተሸንፏል፤ ሽንፈቱም ይበልጥ አስወደደው። ሕዝቡ ብሩኖን የፈለገው ራሱን ስለሚመስል ነው። ሉዊስን ግን ማሸነፉ ብቻ አላስወደደውም፤ በሰባተኛው ዙር ብሩኖን አስቁሞም ወዲያው አልተወደደም። በ1999 ኢቫንደር ሆሊፊልድን አሸንፎ ሦስቱን ዋና ዋና ቀበቶዎች ሲጠቀልል ግን የቢቢሲ የዓመቱ ስፖርተኛ ሆኖ ተመረጠ። ብሩኖን ልጃችን ያሉት ዓመታት ወስደው ስላወቁት ነው፤ ሉዊስን ግን ማንም ሌላ ሊወስደው የማይገባ ትልቅ ነገር ሲሆን ነው። ሁለት የተለያየ የመፈለግ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የቀዘቀዘ።

ኢትዮጵያ ያላየችው ልጇ

የፍላጎት ኃይል ምን ያህል እንደሚሄድ የሚያሳየው ታላቁ ምሳሌ ግን ኢትዮጵያን ይነካል። በሰኔ 1935 ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ሁለት ሰዎች ሊያይ ተሰበሰበ። አንዱ ግዙፉ ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራ ነው፤ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን፣ ሙሶሊኒ የፋሺዝም ጥንካሬ ማሳያ ያደረገው ሰው። ሌላው ከአላባማ የጥጥ ገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ ዲትሮይት ያደገው የ21 ዓመቱ ጆ ሉዊስ ነው። ኢትዮጵያና ጣሊያን ወልወል ላይ ከተጋጩ ስድስት ወር አልፏል፤ ጣሊያን ወታደሮቿን ወደ ኤርትራና ሶማሊያ እያጓጓዘች ነው። የሐርለም ጥቁሮችም ሆኑ የኒውዮርክ ጣሊያናውያን የዚያን ምሽት ግጥሚያ ያዩት በዚያ መነጽር ነው፤ ፖሊስም ረብሻ ፈርቶ በብዛት ተሰማርቶ ነበር። ሉዊስ ካርኔራን ደጋግሞ ጥሎ በስድስተኛው ዙር አስቆመው። ሐርለም አደባባይ ወጥታ ጨፈረች።

በፓስፖርት ሉዊስ አሜሪካዊ ነው። ለሐርለም ግን በዚያ ማታ ኢትዮጵያ ነበር። ለኢትዮጵያ የተሰማው ይህ ስሜት ከግጥሚያው ጋር አልሞተም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲመሠርት የተቀበለው ሕዝብ ይኸው ነው።

ሦስት ዓመት አለፈ። በሰኔ 1938 በዚያው ስታዲየም ሉዊስ ከማክስ ሽሜሊንግ ጋር ሁለተኛ ግጥሚያውን አደረገ። ሽሜሊንግ በ1936 በ12ኛው ዙር በዝረራ አሸንፎት ነበር። አሁን ነጩም አሜሪካዊ ሉዊስን ፈለገው፤ ናዚዎችን የሚመታለት ሌላ ስለሌለ። ሉዊስ በ124 ሰከንድ ጨረሰው። በደቡብ ክፍላተ ሀገር ከነጭ ጋር አንድ ምግብ ቤት መግባት የማይፈቀድለት ሰው የአሜሪካ ነጻነት ምልክት ሆነ። በሌላኛው በኩል ያለው ሽሜሊንግም ባልመረጠው ባንዲራ ሥር ነበር። የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ አይሁዳዊው ጆ ጃኮብስ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በአይሁድ ላይ ዘመቻ ሲከፈት ሁለት አይሁዳውያን ልጆች ደብቆ አትርፏል። ሁለቱ ሰዎች በኋላ ወዳጆች ሆኑ። ጠላትነቱ የነሱ አልነበረም፤ የለበሱት ነበር።

ከዚያስ? ሉዊስ በ1942 ወታደር ሆነ፤ ጥቁሮች ለብቻቸው በሚቀመጡበት ጦር ውስጥ። የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር ቤተሰቦች መርጃ ሰጠ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን የግብር መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት አሳደደው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ አሜሪካን ሪንግ ውስጥ የወከለው ሰው በስተርጅና ላስ ቬጋስ ቁማር ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ኖረ። በ1981 ሲሞት በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር በልዩ ፈቃድ ተቀበረ። አገሩ መልሳ የወሰደችው በሬሳው ነው።

እምቢ ያለው

ታዲያ ቦክሰኛው ራሱ ድምፅ የለውም ማለት ነው? ድምፅ አለው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዲክ ታይገር፣ በትውልድ ስሙ ሪቻርድ ኢሄቱ፣ የናይጄሪያ ነጻነት ልጅ ነበር። በ1962 የመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በነሐሴ 1963 ኢባዳን ላይ ጂን ፉልመርን በገዛ ሕዝቡ ፊት አሸነፈ። ከደቡብ አፍሪካ በስተቀር፣ ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ የተደረገ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ነው። አዲሲቱ ናይጄሪያ ራሷን ለዓለም ያሳየችበት ቀን ነበር።

በ1967 የቢያፍራ ጦርነት ሲነሳ ታይገር የኢግቦ ሰው ነውና ከቢያፍራ ጋር ቆመ፤ ለጦሩም አገለገለ። በ1969 ብሪታንያ ለናይጄሪያ መንግሥት መሣሪያ ማቀበሏን በመቃወም ንግሥቲቱ የሰጠችውን ኒሻን መለሰ። የመረጣት አገር ግን በ1970 ጠፋች። ናይጄሪያ አሁን የማትፈልገው ሰው ነበር። የዓለም ሻምፒዮኑ ኒውዮርክ ውስጥ የሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዘበኛ ሆኖ ሠራ፤ ካንሰር እንደያዘው ሲያውቅ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ተፈቀደለት፤ በታኅሣሥ 1971 በ42 ዓመቱ አረፈ። የገዛ አገሩን መምረጥ የቻለ ቦክሰኛ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሆኖም የመረጣት አገር እሱን መልሳ የመያዝ አቅም ሲያጣ ምርጫው ብቻውን አስቀረው።

ባንዲራ የሌለው ዘመን

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ይህን አሮጌ ጥያቄ አዲስ መልክ ሰጥተውታል። በግንቦት 2022 ዲሚትሪ ቢቮል ላስ ቬጋስ ላይ ካኔሎ አልቫሬዝን ሲያሸንፍ ባንዲራውም መዝሙሩም አልነበሩም፤ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ሁለት ወር ከግማሽ ሆኗታል። ቢቮል ኪርጊስታን ተወልዶ፣ ከሞልዶቫዊ አባትና ከኮሪያ ዘር ካላት እናት የመጣ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ያደገ ሰው ነው። በጥቅምት 2024 ሪያድ ላይ ለአራቱም ቀበቶ የገጠመው አርቱር ቤተርቢዬቭ ደግሞ ዳግስታን ተወልዶ ለሩሲያ በሁለት ኦሎምፒክ የተወዳደረ፣ አሁን ግን ሞንትሪያል የሚኖር የካናዳ ዜጋ ነው። ከአንድ የአማተር ሥርዓት ወጥተው አንዱ ባንዲራው ተነጥቆ፣ ሌላው ባንዲራ ቀይሮ ተገናኙ፤ የተገናኙበት አገር ደግሞ የማናቸውም አልነበረም።

የሪያድ ነገር ቀላል አይደለም። የማክጊጋን ዘመን ቦክስ ከተማና ሰፈር ነበረው፤ የኪንግስ ሆል ጩኸት ቦክሰኛውን የማን እንደሆነ ይነግረው ነበር። ዛሬ ግጥሚያው ገንዘቡ ባለበት አዳራሽ ይደረጋል፤ ለቦክሰኛው የሚጮኸው አብዛኛው ሕዝብ ግን ቴሌቪዥን ፊት ነው። ይህ ዜግነትን አላጠፋውም፤ ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፊዩሪን ሲያሸንፍ የተወለደባት ሲምፌሮፖል በሩሲያ እጅ ነበረች፤ ድሉን በጦርነት ውስጥ ላለች አገር ያነበበው ሕዝብ አዳራሹ ውስጥ መሆን አላስፈለገውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሲንዲ ንጋምባ ነገር ነው። ካሜሩን ተወልዳ በ11 ዓመቷ ወደ ብሪታንያ ሄደች፤ ቦልተን ውስጥ አደገች፤ ከብሪታንያ ብሔራዊ ቡድን ጋር ተለማመደች። ዜግነት ስላልተሰጣት ግን ለብሪታንያ መወዳደር አልቻለችም። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ወጥታ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች፤ ለዚያ ቡድን የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነው። የሕግ አገር አልነበራትም፤ የልብ አገር ግን ነበራት፤ ቦልተን ዘለለችላት። ወረቀትና ሕዝብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእሷ በላይ ያሳየ የለም።

ኢትዮጵያውያን ይህን ከሩጫው ያውቁታል። በዚያው በፓሪስ የሴቶች ማራቶን ትዕግሥት አሰፋን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች የቀደመችው በአዳማ ተወልዳ በስደት ኔዘርላንድስ የገባችው ሲፋን ሐሰን ነች። ወርቁ የኔዘርላንድስ ተብሎ ተመዘገበ። ደስ ያለውም የተቆጨውም ኢትዮጵያዊ ነበር፤ አንዳንዱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ስለዚህ በየግጥሚያው የሚነሳው ክርክር፣ እሱ በእውነት የኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው፣ መልስ የሌለው የተሳሳተ ጥያቄ ይመስላል። ስለ ቦክሰኛው ከሚነግረን ይልቅ ስለሚጠይቀው ሕዝብ ይነግረናል። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን ሰው የኛ ስንል ምን ልንሰጠው ዝግጁ ነን? ብሪታንያ ለሌን ጆንሰን ቀበቶ ለመወዳደር እንኳ አልፈቀደችለትም፤ አሜሪካ ለጆ ሉዊስ ሰንደቋን ሰጥታ እዳውን አልተወችለትም፤ ናይጄሪያ ለዲክ ታይገር ስታዲየም ሞልታ ኋላ በሩን ዘጋችበት። የቦክሰኛን አገር የሚወስነው የፈለገው ሕዝብ ከሆነ፣ ያ ሕዝብ ኃላፊነትም አለበት። ሰውን ሲያሸንፍ ብቻ የኔ የሚል ሕዝብ አገር አልሰጠውም፤ ለአንድ ማታ ተከራይቶታል።